ውሻው ያገኛታል

ባለፈው ቅዳሜ ሰባት ደቂቃ የማይሞላ ፊልም ለማየት አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ምስጋናው አጠገቤ ለተቀመጠው ሰው ነው። ታውቁታላችሁ። በየሳሎኑ አንድ አይጠፋም። ፊልሙን ቀድሞ ያየ፣ ያየውን ሆዱ ውስጥ ማሳደር የማይችል ለጋስ ሰው። «አልነግርህም፣ ግን መጨረሻው ላይ...» ብሎ ይጀምራል።

እንዲህ ያለ ሰው ባይኖር ምን ይውጠን ነበር? ልባችን እንደተንጠለጠለ፣ ምን ይመጣ ይሆን ብለን እንደጓጓን እስከ መጨረሻው ልንቀመጥ ነበር እኮ። ግፊት ላለበት ሰው ይሄ አደገኛ ነው።

ፊልሙ የእንግሊዛዊው የሴሲል ሄፕዎርዝ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1905 የተሠራ። ርዕሱ «ሬስኪውድ ባይ ሮቨር» ይባላል፤ ሮቨር የሚባል ውሻ ያዳናት ለማለት ነው። እንግዲህ ርዕሱ ራሱ መጨረሻውን ዘርግፎታል። ወዳጄን ግን አልበቃውም።

ሞግዚቷ የሕፃኗን ጋሪ እየገፋች ብቅ ስትል «ይቺ ጉድ ትሠራለች» አለ። ለማኟ እጇን ዘረጋች። «አትሰጣትም፣ እያት።» አልሰጠቻትም። ወታደሩ መጣ። «አሁን ከሱ ጋር ወሬ ስትይዝ ልጅቷ ትሰረቃለች።» ተሰረቀች። ሞግዚቷ እያለቀሰች ለእናትየው ስትናገር ውሻው ቆሞ ያዳምጣል። «በመስኮት ይዘላል።» ዘለለ። «ወንዝ አለ።» ወንዝ ነበር። «ይዋኛል።» እዚህ ላይ ፊልሙን አስቆመው። ሪሞቱ እሱ እጅ ነበር፤ ሁሌም እሱ እጅ ነው። ውሻ እንዴት እንደሚዋኝ በሁለት እጁ አሳየን። የቡና ስኒ ተደፋ። ጨርቅ መጣ፣ ተወለወለ፣ ፊልሙ ተለቀቀ። ውሻው በር ለበር ሲፈልግ «ይሄ አይደለም... ይሄም አይደለም... እሱ ነው!» አለ። ውሻው እንኳ የሱን ያህል እርግጠኛ አልነበረም። ጣሪያ ሥር ያለችው ጠባብ ክፍል፣ ለማኟ፣ ጠርሙሷ፣ ሕፃኗ። «አሁን ወንዙን እንደገና ዋኝቶ አባትየውን ሊጠራ ይሄዳል። አባትየው አይዋኝም፤ እሱ በጀልባ ነው።» በጀልባ ነበር። ትንሽ ቢቆይ ውሻው ራሱ ወደኛ ዞሮ «ጋሼ፣ ቀጥሎ በየት ነው?» የሚለው መሰለኝ።

ይሄ ሁሉን አዋቂ ግን አንዳንድ ነገር አልነገረኝም። አባትየው ራሱ ሄፕዎርዝ ነው። እናትየዋ ሚስቱ፣ ሕፃኗ ልጃቸው፣ ውሻውም የቤታቸው። ታሪኩን ያሰበችው ሚስቱ ናት፤ ያዘጋጀው ሉዊን ፊትዛሞን። የወጣው ወጪ በጠቅላላው 7 ፓውንድ ከ13 ሺሊንግ ከ9 ፔንስ። 395 ቅጂ ተሸጠ። ኔጋቲቩ፣ ማለትም ቅጂ የሚባዛበት ዋናው ፊልም፣ ቅጂ ሲወጣበት አልቆ ፊልሙ ሁለት ጊዜ እንደ አዲስ ተቀረጸ። በድምሩ ሦስት ጊዜ መሆኑ ነው። ሦስቴም ውሻው ያገኛታል።

ቀልዱን ለአፍታ ልተወው። ሄፕዎርዝ ስለ ተንቀሳቃሽ ፎቶግራፍ መጽሐፍ ያሳተመው በ1897 ነው፤ ገና የ23 ዓመት ወጣት ሳለ። ከዚያ በኋላ ከሃያ ዓመት በላይ ጻፈ፣ ቀረጸ፣ ተወነ፣ አዘጋጀ። በ1924 ኩባንያው ከሰረ። ንብረቱን የተረከበው አጣሪም የፊልሞቹን ኔጋቲቭ አስቀለጠ። ለምን? በውስጣቸው ላለችው ብር፣ ለማዕድኗ! የሰው ዕድሜ እንደ አሮጌ ድስት ተመዘነ። መቶ ዓመት አልፎትም ያናድደኛል። በሂሳብ መዝገብ ላይ አንዲት መስመር ለመዝጋት የሰው ፊት፣ የሰው ሳቅ፣ ዛሬ የሌለ መንገድና ቤት ሁሉ እሳት ውስጥ ገባ። በ1920 የሠራት «ሔለን ኦፍ ፎር ጌትስ» ለምሳሌ ጠፍታ ኖራ፣ አንድ ቅጂዋ በ2008 ካናዳ ሞንትሪያል ተገኘ። ከእንግሊዝ ውቅያኖስ ማዶ!

እሺ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ያኔ እንደኔ ወዳጅ ያለ ሰው በሄፕዎርዝ የዋልተን ስቱዲዮ በር ላይ ቢኖር ኖሮ የሚጠፋ ፊልም ነበር? ኔጋቲቩ ቢቀልጥ እሱ አለ። ቁጭ ብሎ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ በተለይ መጨረሻውን፣ ሳይጠየቅ ይዘረግፈዋል። ለማቅለጥ ደግሞ አይመችም። አፉ ብር የለበትም።

ሄፕዎርዝ ራሱ ከኪሳራው በኋላ የሰዎችን ፊልም ትሬይለር እየሠራ ኖሯል። ያን ሁሉ የሠራ ሰው የሌላውን ፊልም እየቀነጨበ ሲያሳይ አስቡት። ቢሆንም ትሬይለር ሠሪ ጨዋ ነው፤ መጨረሻዋን ይደብቃል።

ማታ ልወጣ ጫማዬን ሳጠልቅ ወዳጄ በሩ ድረስ ተከተለኝ።

«ያቺን ካናዳ የተገኘችውንስ አይተሃታል?»

«አላየሁም» ብዬ ተሳሳትኩ።

ፊቱ በራ። በሩን መልሶ ዘጋው።