ማስተካከያ፦ ስለ ጎን ግጭት በጻፍነው ላይ

የመኪና አካል የጎን ግጭትን እንዴት እንደሚቋቋም ባብራራንበት ጽሑፍ ሁለት ስህተቶች ነበሩ።

አንዱ የስሌት ነው። የአሜሪካው የአውራ ጎዳና ደህንነት የኢንሹራንስ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2021 የጎን ግጭት ሙከራውን ሲያከብድ፣ መኪናውን የሚገጨው ጋሪ ከ1,500 ወደ 1,900 ኪሎ ግራም፣ ፍጥነቱም በሰዓት ከ50 ወደ 60 ኪሎ ሜትር አድጓል። እኛ የክብደቱን 27 እና የፍጥነቱን 20 በመቶ ጭማሪ ደምረን «ጉልበቱ በ47 በመቶ ጨመረ» አልን። ጉልበት የሚያድገው ግን በፍጥነት ካሬ ነው፤ ትክክለኛው ጭማሪ 82 በመቶ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ነውና ማመካኛ የለንም።

ሁለተኛው ይብሳል። በፊትና በኋላ በር መካከል ያለው ምሰሶ «ከላይ እስከ ታች እኩል መጠንከር አለበት» ብለን ነበር። ብዙ አምራቾች የሚያደርጉት ሌላ ነው። ምሰሶው የሚሠራበትን፣ ጥቂት ቦሮን የተጨመረበትን ብረት ወደ 900 ዲግሪ ሴልሺየስ አግለው በቀዝቃዛ ቅርጽ ማውጫ ሲጨምቁት ጥንካሬው እስከ 1,500 ሜጋፓስካል ይደርሳል፤ የምሰሶውን ታችኛ ክፍል ግን ሆን ብለው ለስለስ ያደርጉታል። ምክንያቱም በጎን በኩል በሰውና በበሩ መካከል ያለው ክፍተት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ወደ ውስጥ የሚታጠፈው ምሰሶ ሰውን ሊነካ ይችላል። ምሰሶው መታጠፉ ካልቀረ በዳሌ ከፍታ ይታጠፍ፤ ዳሌ ከጎድን አጥንት ይልቅ ጫና ይችላል። ሁሉም እኩል ቢጠነክር እጥፋቱ ደረት ትይዩ ሊመጣ ይችላል።

ስለ በር ውስጥ ብረትና ስለ ጎን ኤርባግ የጻፍነው እንዳለ ይቆያል።