«ምንም አልታየም» የተባለው ኤምአርአይ ምን ፈልጎ ነበር የተነሳው?

የሚጥል በሽታ ያለበትን ልጅ ይዘው ከሐኪም ሐኪም የሚንከራተቱ ቤተሰቦች እጅ ላይ ብዙ ጊዜ አንድ ወረቀት አይጠፋም። «የአንጎል ኤምአርአይ፦ ኖርማል» ይላል። ልጁ ግን በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ ይጥለዋል። መድኃኒቱ ተቀይሯል፣ መጠኑ ጨምሯል፣ ጸበልም ተሞክሯል። ወረቀቱ «ምንም የለም» ስላለ ፍለጋው እዚያው ላይ ይቆማል። መቆም አልነበረበትም። ለከባድ የሚጥል በሽታ ታስቦ ያልተነሳ ኤምአርአይ «ኖርማል» ቢልም መልስ ሊሆን አይችልም። በትክክል ለማስነሳት ደግሞ ከአዲስ ማሽን በፊት የሚያስፈልገው በትክክል የተጻፈ የማዘዣ ወረቀት ነው።

ከባድ የሚባለው የትኛው ነው? ዓለም አቀፉ የሚጥል በሽታ ሊግ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው ትርጉም ግልጽ ነው፦ ለሕመሙ ዓይነት የሚስማሙ ሁለት መድኃኒቶች በበቂ መጠን በአግባቡ ተወስደው መጣሉ ካልቆመ በሽታው መድኃኒት አልበገረውም ይባላል። «በአግባቡ ተወስደው» የሚለው ሊሰመርበት ይገባል። ፌኖባርቢታል ከመድኃኒት ቤት ስለጠፋ ሁለት ሳምንት ያቋረጠ ሰው ቢጥለው መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመው የግላስጎው ጥናት ቀድሞ መድኃኒት ያልጀመሩ 470 ታካሚዎችን ተከታትሎ ነበር። 47 በመቶው በመጀመሪያው መድኃኒት መጣሉ ቆመላቸው፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው የቆመላቸው ሌላ 14 በመቶ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ከሁለተኛው መድኃኒት በኋላ አራተኛና አምስተኛ እየቀያየሩ ዓመታት መግፋት በእኔ እምነት ጊዜ ማባከን ነው። አንጎሉን በደንብ የማየት ተራው ያኔ ነው።

በጀርመን ቦን እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ችግሩን በቁጥር አስቀምጦታል። ለቀዶ ሕክምና የሚመረመሩ ታካሚዎችን የተለመደ ኤምአርአይ በዘርፉ ልዩ ልምድ የሌለው ሐኪም ሲያነበው ከነበረው ጉዳት የተገኘው 39 በመቶ ብቻ ነበር። ያንኑ ምስል ባለሙያ ሲያነበው 50 በመቶ ደረሰ። ለሚጥል በሽታ ተብሎ የተነሳውን ባለሙያ ሲያነበው ግን 91 በመቶ ሆነ። አንጎላቸው ያው ነው፤ የተለየው አነሳሱና አነባበቡ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ሒሳብ ነው። በጆሮ ግንድ በኩል፣ በአንጎል ውስጠኛ ክፍል የሚገኘው ሂፖካምፐስ የአዋቂዎች ከባድ የሚጥል በሽታ ዋነኛ መነሻ ነው። ርዝመቱ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የተለመደው ምርመራ በ5 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ በመሀል 1 ሚሊ ሜትር እየዘለለ ይቆርጣል፤ ከሂፖካምፐስ የሚያገኘው ስድስት ሰባት ምስል ነው፣ ያም አብዛኛውን ጊዜ በተጣመመ ማዕዘን። በ2 ሚሊ ሜትር ሲቆረጥ ወደ ሃያ ምስል ይገኛል። የአንጎል ቅርፊት ደግሞ ውፍረቱ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በእጥፋቶቹ ሥር የምትደበቅ ከልደት በፊት የመጣች ትንሽ የቅርፊት መዛባት በወፍራም ቁራጭ ውስጥ ከጤናማው ጋር ትዋሃዳለች። ቡናና ወተት ተደባልቀው ማኪያቶ ሲሆኑ ቡናውን ለይቶ ማየት እንደማይቻለው ማለት ነው።

ሊጉ እ.ኤ.አ. በ2019 ያሳተመው ሃርነስ የተባለ አነሳስ ሦስት ነገር ብቻ ይጠይቃል። ቲ1 (የአንጎልን ቅርጽ የሚያሳይ የምስል ዓይነት) በሦስት አቅጣጫ፣ 1 ሚሊ ሜትር በ1 ሚሊ ሜትር በ1 ሚሊ ሜትር፣ ምንም ሳይዘለል፤ ፍሌር (የውሃውን ንጣት አጥፍቶ ጉዳቱን የሚያጎላ ምስል) በዚያው ልክ፤ እንዲሁም ከሂፖካምፐስ ርዝመት ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን የሚሠራ ኮሮናል ቲ2 (አንጎልን ከፊት ወደ ኋላ እየቆረጠ ውሃ የበዛበትን የሚያነጣ ምስል)፣ በ2 ሚሊ ሜትር። በ1.5 ወይም በ3 ቴስላ (የማግኔቱ ጉልበት መለኪያ) ማሽን ሦስቱ በጥቅሉ ከግማሽ ሰዓት አያልፉም። ምስል ለማጉላት በደም ሥር የሚሰጠው ጋዶሊኒየም በመደበኛነት አያስፈልግም፤ ዕጢ ወይም ኢንፌክሽን ሲጠረጠር ብቻ ይጨመር። ለእሱ የሚከፈለው ገንዘብ ለኮሮናሉ ቢውል ይሻላል።

ትልቁ ስህተት የሚፈጠረው ማዕዘኑ ላይ ነው። ቴክኒሻኑ መጀመሪያ ከጎን የሚታየውን ምስል ከፍቶ ሂፖካምፐስ የተጋደመበትን መስመር ያገኛል፤ የኮሮናሉን መቁረጫ ለዚያ መስመር ቀጥ አድርጎ ያቆማል። ራስ ትንሽ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ግራና ቀኙ በአንድ ምስል ላይ እኩል ቦታቸው አይቆረጡም፤ አንደኛው ሂፖካምፐስ ሳይታመም የሰለለ ይመስላል፣ ወይም የሰለለው ይሸፈናል። አንባቢው የሚፈልገው ሦስት ምልክት ነው፦ ማነሱን፣ በቲ2ና በፍሌር መንጣቱን፣ የውስጥ ንብርብሩ መጥፋቱን። ሌላው ወጥመድ ጊዜ ነው። ታካሚውን ደጋግሞ በጣለው ማግስት ቢነሳ አንጎሉ ለጊዜው ያብጣል፣ ይነጣል። ያ ዕጢ ተብሎ ሊያስደነግጥ ስለሚችል ከሳምንታት በኋላ መድገም ይገባል።

ይህ ሁሉ የሚወሰነው በማዘዣው ላይ ነው። «የሚጥል በሽታ፣ ዕጢ ካለ ይታይ» ብሎ የጻፈ ሐኪም የሚመለስለት ስለ ዕጢ ነው። «ሲጀምረው ሆዱ ውስጥ ሽቅብ የሚወጣ ስሜት አለ፣ ይፈዛል፣ ከንፈሩን ያላምጣል፣ ግራ እጁ ይገተራል፤ በሕፃንነቱ በትኩሳት ረጅም መንቀጥቀጥ ነበረው፤ በተለይ የቀኝ ሂፖካምፐስ ይታይ» ቢል ግን ራዲዮሎጂስቱ የት እንደሚያይ ያውቃል።

«ባለን ጥቂት ማሽን ይህን ለሁሉም ማድረግ አይቻልም» የሚሉ ልክ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመው የፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና የባልደረቦቻቸው የቡታጅራ ጥናት ከ1,000 ሰው 5.2 የሚሆነው የሚጥል በሽታ እንዳለበት አሳይቷል። በፌኖባርቢታል የቆመለት ሰው ለኤምአርአይ ወረፋ አይቅደም። ቀዳሚው ሁለት መድኃኒት ያቃተው ነው። ለእሱ ሲቲ ስካን አይተካለትም፦ ሲቲ ደም፣ ትልቅ ዕጢ፣ ካልሲየም የያዘ የቆየ ጠባሳ ያሳያል፣ ሂፖካምፐስ ላይ ግን ደካማ ነው።

ምስል ብቻውን ግን ፈራጅ አይደለም። ውሃ የቋጠረ ከረጢት በጆሮ ግንድ ጫፍ ላይ በምስል ስለታየ የመጣሉ መነሻ እሱ ነው ማለት አይደለም። ምስሉ፣ ኢኢጂው (የአንጎል ኤሌክትሪክ ምርመራ) እና የአጣጣሉ ሁኔታ ወደ አንድ ቦታ መጠቆም አለባቸው። ሲጠቁሙ ውጤቱ ትልቅ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2001 ከካናዳ በወጣው የ80 ታካሚዎች ጥናት፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ራስን ከሚያስት መጣል የዳኑት ለቀዶ ሕክምና ከተመደቡት 58 በመቶ፣ በመድኃኒት ብቻ ከቀጠሉት 8 በመቶ ነበሩ። ጥሩ ኤምአርአይ ተነስቶም ምንም ካልታየ ፔትና ስፔክት የተባሉት፣ በመርፌ በሚሰጥ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር የአንጎልን ሥራ የሚያሳዩ ምርመራዎች ይከተላሉ። በስፔክት መርፌው የሚሰጠው መጣሉ በጀመረ በሰከንዶች ውስጥ ነው፤ ቢዘገይ የሚታየው የተስፋፋበት ቦታ እንጂ የተነሳበት አይሆንም።

እውነተኛ «ኖርማል» ደግሞ አለ። ከአንድ ዓመት በታች በትኩሳት የሚጀምረውና ድራቬ የሚባለው ዓይነት በዘረ መል ለውጥ የሚመጣ ነው፤ ኤምአርአዩ አብዛኛውን ጊዜ ንጹሕ ነው። እዚያ የሚጠቅመው ካርባማዘፒንና ፌኒቶይን የተባሉት የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ሊያባብሱት እንደሚችሉ ማወቅ ነው። ከሁለት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ምስል ላይም የነርቭ ሽፋኑ ገና ስላልተሟላ የቅርፊት መዛባት ሊሸሸግ ይችላል፤ ሁለት ዓመት ተኩል ሲሆነው ይደገም።

ቤተሰብ ደግሞ ከምርመራ ክፍሉ ፊልሙን ብቻ ይዞ አይውጣ። ሲዲውን ይጠይቅ። ፊልም ላይ የሚታተመው የተመረጠ ጥቂት ምስል ነው፤ በስልክ ተነስቶ በቴሌግራም ሲላክ ጭራሽ ይደበዝዛል። ሲዲው ላይ ግን እያንዳንዱ ቁራጭ ስላለ፣ ሌላ ከተማ ወይም ሌላ አገር ያለ ባለሙያ እንደገና ከፍቶ ማዕዘኑን ማስተካከል፣ ግራና ቀኙን ማስተያየት ይችላል። ከሲዲው ጋር የመጣሉን ቪዲዮ፣ በተለይ የመጀመሪያዎቹን ሰከንዶች፣ ዓይኑ ወዴት እንደዞረና የትኛው እጅ እንደቀደመ የሚያሳየውን፣ አብሮ ያስቀምጥ።