ከምድር ስለወጣ አይጎዳም?

ሰሞኑን በአንድ የኤፍ ኤም ጣቢያ የጠዋት ፕሮግራም ላይ የተፈጥሮ ውበት አማካሪ ተብለው የቀረቡ እንግዳ፣ ሜካፕ የሚወዱ የከተማችንን ሴቶች በአንድ ትንፋሽ ሁለት ጊዜ ገሠጹ። አንደኛ፣ ፊቷን ቀለም የምትቀባ ሴት ስለ ጤናማ ምርት ለመጠየቅ ሞራሉ የላትም አሉ። ሁለተኛ፣ ጤና የፈለገች እንደ አያቶቿ ኩል፣ ቅቤ፣ ሎሚና እሬት ይበቃታል፤ ከምድር የወጣ ነገር ማንንም ጎድቶ አያውቅም አሉ። አዘጋጁም አመስግኖ ሙዚቃ ጋበዘን።

የመጀመሪያውን ቶሎ እንለፈው። ሊፒስቲክ የተቀባ ከንፈር ምሳ ይበላል፣ ቡና ይጠጣል። ማታ ላይ ቀለሙ ከከንፈር የጠፋው ተንኖ አይደለም፤ ከፊሉ ከምግቡ ጋር ወርዷል። ታዲያ በየቀኑ የምትውጠውን ነገር ይዘት ሊፒስቲክ ወዳዷ ካልጠየቀች ማን ይጠይቅላት? የማትቀባዋማ ምን ገዷት።

ወደ ኩሉ እንምጣ። እንግዳው ከዕቃው ሁሉ መርጠው ኩልን የንጽሕና ምሳሌ ማድረጋቸው ይገርማል፤ ከዚህ የባሰ ምሳሌ ቢፈልጉም አያገኙም ነበር። ድንጋይ ኩል ተብሎ የሚሸጠው የሚያብረቀርቅ ግራጫ ማዕድን በአብዛኛው ወይ ስቲብናይት የሚባለው የአንቲሞኒ ማዕድን ነው፣ ወይ ጋሊና። ጋሊና የእርሳስ ሰልፋይድ ነው፤ ከክብደቱ 86 በመቶው እርሳስ ነው፣ ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት። ሳይፈጭ አራት ማዕዘን እየሆነ ይሰበራል፣ ስቲብናይት ደግሞ መርፌ መርፌ ይመስላል። ተፈጭቶ ብልቃጥ ከገባ በኋላ ግን መርካቶ ያለው ሻጭም፣ ገዢዋም፣ የተከበሩት አማካሪም በዓይን አይለዩትም። እርሳስ አጥንት ውስጥ ገብቶ ለዓመታት ይቀመጣል፣ በእርግዝና ጊዜ ከአጥንት እየወጣ ወደ ፅንሱ ይሻገራል። የዓለም ጤና ድርጅትም ጉዳት የሌለው የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል። ሕፃን ልጅ ሲኳል ደግሞ ዓይኑን ያሻል፣ ያሸበትን እጅ አፉ ውስጥ ይከታል። ልጅን ኩሎ መዳር ወጋችን ነው፤ ወጉ ይቆይ። በብልቃጡ ፈንታ ቀለሙ ጥቁር አይረን ኦክሳይድ ወይም ካርቦን ብላክ መሆኑ የተጻፈበት አይላይነር ቢኳሉ ወጉ አይፈርስም።

ባዜቃም (ሜርኩሪ) ከምድር ነው የሚወጣው። ማድያት ያጠፋል፣ ፊት ያፈካል እየተባለ በሚሸጥ ክሬም ውስጥ የሚጨመረው ሜላኒን፣ ቆዳን የሚያጠቁረው ቀለም፣ እንዳይሠራ ስለሚያግድ ነው። ዋጋውን የሚከፍለው ኩላሊት ነው፤ በፎጣና በትራስ በኩልም ለቤተሰቡ ይተርፋል። ባዜቃን ለመቆጣጠር የተፈረመው ዓለም አቀፍ የሚናማታ ስምምነት አባል አገሮች በ2023 እ.ኤ.አ. ባዜቃ የተጨመረበት ኮስሞቲክስ ከ2025 በኋላ እንዳይመረት፣ እንዳይገባና እንዳይወጣ ሲወስኑ፣ ቀድሞ ይታለፍ የነበረውን ከሚሊዮን አንድ እጅ እንኳ አላስቀሩም። ማሸጊያው ላይ «ካሎሜል»፣ «መርኩሪ» ወይም «መርኩሪዮ» ካነበባችሁ፣ አለዚያም ከወርቅ፣ ከብርና ከአሉሚኒየም ጌጥ እንዳይነካካ የሚል ማስጠንቀቂያ ካያችሁ ወደ መደርደሪያው መልሱት። ፊት ለማፍካት የሚሸጡት ሃይድሮኪኖንና ክሎቤታሶልም ሐኪም የሚያዝዛቸው መድኃኒቶች እንጂ የሱቅ ቅባት አይደሉም። የመጀመሪያው ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት ሊያጠራው የነበረውን ፊት ሰማያዊ ጥቁር ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ቆዳን ያሳሳል።

ሎሚውስ? የሎሚ ጭማቂ ፒኤች (የኮምጣጣነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ኮምጣጣነቱ ይበረታል) 2 ገደማ ነው፣ የጤነኛ ቆዳ 5 ገደማ። ሎሚ ፉሮኩማሪን የሚባል ነገርም አለው፤ ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ ቆዳ ያቃጥልና ጥቁር ምልክት ትቶ ይሄዳል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ሎሚ ተቀብቶ ቸርችል ጎዳናን በእኩለ ቀን መውጣት ማድያትን መጥራት ነው። ቅቤን ግን ልተውላቸው፤ ንጹሕ ቅቤ ለፀጉር ክፉ አይደለም።

ዋናው ጠቤ ከውሃ ጋር ነው። እንግዳው ያሞገሱት እሬት፣ በቴሌግራም ከቦሌ እስከ ፒያሳ «ኬሚካል አልባ» ተብሎ በሞተር የሚደርሰው ክሬም፣ የጽጌረዳ ውሃው፣ የአቮካዶ ማስኩ፣ ሁሉም ውሃ አለባቸው። የእሬት ዝልግልግ ፈሳሽ ራሱ ከ98 በመቶ በላይ ውሃ ነው። ውሃ ባለበት ባክቴሪያ፣ እርሾና ሻጋታ አሉ። ሻጋታው እንኳ ደግ ነው፤ ይታያል፣ ይጣላል። ባክቴሪያው ግን በአንድ ግራም ክሬም ውስጥ ሚሊዮን ደርሶም ሽታውንም መልኩንም ላይለውጥ ይችላል። ዓለም አቀፉ መለኪያ ለዓይን አካባቢ ምርት በግራም ከ100፣ ለአብዛኛው ሌላ ምርት ከ1,000 ሕይወት ያለው ተሕዋስ በላይ አይፈቅድም። ሱዶሞናስ የሚባለው ባክቴሪያ በተበከለ ማስካራ በኩል የተጫረ ዓይን ውስጥ ከገባ ብሌኑን በቀናት ሊያቆስለው ይችላል። ይህን የሚከለክለው ያ የተረገመ «ኬሚካል»፣ ፕሪዘርቫቲቩ ነው። ሻጯ እሱን አውጥታ፣ በማውጣቷ ኮርታ፣ በኩራቷ ላይ ዋጋ ትጨምራለች!

መልሶቻቸውን እናውቃቸዋለን። ቫይታሚን ኢ ጨምረናል ይላሉ። ቫይታሚን ኢ ዘይት በአየር እንዳይበላሽ ያዘገያል፣ ባክቴሪያን ግን ንክች አያደርግም። ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት ይላሉ፤ ፍሪጅ መራባቱን ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም፣ መብራት የጠፋ ቀን ደግሞ እሱም የለም። የሻይ ዛፍ ዘይት አለበት ይላሉ፤ ተሕዋስ ለመግደል በሚበቃ መጠን ከገባ ፊቱንም አይምረውም። ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ፕሪዘርቫቲቭ እንጠቀማለን የሚሉትና አጠቃቀሙን የማያውቁት ናቸው። ሶዲየም ቤንዞኤት በደንብ የሚሠራው ፒኤች ከ5 በታች ሲሆን ነው። ፒኤቹ 7 የሆነ ክሬም ውስጥ ስሙ ማሸጊያው ላይ አለ፣ ሥራው የለም።

የሚሠራ ሰው እንዲህ ይሠራል። ለ100 ግራም ክሬም የተጣራ ውሃ ይይዛል፣ የግራም መቶኛውን የሚያነብ ሚዛን ላይ ይመዝናል። 0.5 ግራም ሶዲየም ቤንዞኤትና 0.3 ግራም ፖታሲየም ሶርቤት በውሃው ያሟሟል፣ ክሬሙ ከቀዘቀዘ በኋላ በሲትሪክ አሲድ ጠብታ ፒኤቹን ወደ 4.5 እና 5 መካከል ያወርዳል፣ በፒኤች ወረቀት ያረጋግጣል። ወይም ፌኖክሲኤታኖል ይመርጣል፤ የአውሮፓ ሕግ ጣሪያው 1 በመቶ ነው፣ ለ100 ግራም 1 ግራም መሆኑ ነው፤ የሚጨመረውም ክሬሙ ከ40 ዲግሪ በታች ሲወርድ ነው። ከዚያ ቀኑን ይጽፋል። በማንኪያ የሚለካ፣ ፒኤች የማይለካ፣ ቀን የማይጽፍ ሰው ክሬም አልሠራም፣ የባክቴሪያ ሾርባ ነው የሠራው።

ፕሪዘርቫቲቭ አልፈልግም የምትል ሴት መብቷ ነው። ውሃ የሌለበትን ትምረጥ፤ ለዚህ ደግሞ አገራችን ሀብታም ናት። ሰም ሞልቶናል፣ ጉሎ በየጓሮው ይበቅላል፣ ሺያ የሚባለው ከዛፍ ፍሬ የሚወጣ ቅቤ መሰል ስብም ጋምቤላ አለ። 20 ግራም ሰም፣ 30 ግራም ሺያ፣ 50 ግራም የጉሎ ዘይት 100 ግራም የከንፈር ቅባት ይወጣዋል። ከገበያ የተገዛ ሰም መጀመሪያ ሙቅ ውሃ ውስጥ ቀልጦ በስስ ጨርቅ ይጠለላል፣ ሲረጋ ከሥሩ የተጠራቀመው ቆሻሻ ተፍቆ በደንብ ይደርቃል። ከዚያ ሦስቱ በሚፈላ ውሃ ላይ በተጣደ ዕቃ 70 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀልጣሉ፤ ሰም ከ62 ዲግሪ ጀምሮ ይቀልጣል። ቀለም የምትፈልግ 6 ግራም ያህል ለኮስሞቲክስ የተመረተ አይረን ኦክሳይድ ከ12 ግራም የጉሎ ዘይት ጋር አስቀድማ ትለውስ፤ ዘይቱ ከ50ው ላይ ይቀነሳል። ደረቁን ብትነሰንሰው ከንፈር ላይ ነጠብጣብ ይቀራል። ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ሺያው እንደ አሸዋ ይቋጠራልና ወዲያው ፍሪጅ ውስጥ ይግባ። የኑግ ዘይት ቶሎ ሽታው ይለወጣል፣ ለዚህ አይሆንም። የቤት ቀለምም ሆነ ከገደል የተቆፈረ ቀይ አፈር በፍጹም አይገባበትም፤ እሱም እርሳስና አርሴኒክ ሊኖረው ይችላል፣ ከምድር ነው የወጣው እኮ።

አካባቢን ስለመጠበቅ የሚወራውም ከዚሁ ስብከት ብዙ አይርቅም። ከነፍሳት የሚገኘው ካርሚን የሊፒስቲክ ተፈጥሯዊ ቀይ ነው፤ አንዳንዱ ሰው ላይ አለርጂ ያስነሳል። ነፍሳቷን ኮችኒልን ለዚህ ቀለም ብለው ትግራይ አስገቧት፣ ከቁጥጥር ወጥታ ሰውም ከብትም የሚኖርበትን በለስ አወደመችው። ፋብሪካ የሠራው ቀይ አይረን ኦክሳይድ የማንንም በለስ አልበላም። በአንጻሩ ብልጭልጩ የፕላስቲክ ግሊተር ይቅርብን፤ ፊት ታጥቦ ቱቦ ይገባል፣ ከቱቦ ወንዝ። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ለብቻው የሚሸጠውን ከልክሎታል።

ከመንግሥትም ጋር ሒሳብ አለን። በጥቅምት 2015 ኮስሞቲክስን ጨምሮ 38 ዓይነት ሸቀጥ ኤል ሲ (ለአስመጪ ባንክ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) እንዳይከፈትለት ሲደረግ፣ ሊፒስቲክ መቀባታችን ቆመ? አልቆመም። በሻንጣ ገባ፣ ያለ ሳጥን፣ ያለ አስመጪ ስም። ክልከላው በሐምሌ 2016 ተነሣ፣ ሳጥን አልባው ንግድ ግን ደንበኛ አፍርቶ ቀረ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኮስሞቲክስን የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይቆጣጠረው ብሏል። እንግዲያው ባለሥልጣኑ በራሱ ቤተ ሙከራ ከየሱቁ ገዝቶ ባዜቃና እርሳስ ይለካ፣ የወደቀውን በስሙ ያውጣ። የይዘት ዝርዝርና የምርት ቀን የሌለው ብልቃጥ፣ ከውጭ መጣም ከጓዳ ወጣ፣ አይሸጥ። «ተፈጥሯዊ» የሚል ቃል ከዚህ ግዴታ ነፃ አያወጣም።

የሠርግ ወቅት ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። በግማሽ ሰዓት ጥቁር ሆኖ የሚወጣ ሂና ሂና አይደለም። የእውነተኛው ቀለም ብርቱካናማ ቡናማ ነው፣ እስኪይዝም ሰዓታት ይፈልጋል፤ ጥቁሩ ላይ የፀጉር ቀለሙ ፒፒዲ ተጨምሮበታል፣ እጅ ላይ ውሃ ይቋጥራል። ኦርጋኒክ ሜካፕ ብቻ እንጠቀማለን የሚለው ሳሎንም አንዱን የማስካራ ብሩሽ ከሙሽሪት እስከ መጨረሻዋ ሚዜ ያዞረዋል። ለእያንዳንዷ የሚጣል ብሩሽ ይውጣ፤ አንድ ጊዜ ዓይን የነካ ወደ ቱቦው አይመለስ። ሊፒስቲክ በማንኪያ ተፍቆ በብረት ሰሌዳ ላይ ይቅረብ፣ ሰሌዳው በ70 በመቶ አልኮል ይጠረግ። የተከፈተ ማስካራ ሦስት ወር ሲሞላው ይጣል። ይህን እንቢ ላለ ሳሎን ቀብድ አትክፈሉ።