ኳሱን የሕዝብ ያደረገው የቅዳሜ ከሰዓት ነው

«ዘመናዊ እግር ኳስ የእንግሊዝ ባለጸጎች ትምህርት ቤቶች ስጦታ ነው» የሚለው የተለመደ አባባል እውነቱን ከግማሽ ላይ ይቆርጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1863 ደንቡን በወረቀት ያሰፈሩት የተማሩት ሰዎች መሆናቸውን አልክድም፤ ጨዋታውን ለሕዝብ የሰጠው ግን የፋብሪካው ደወል ነው። የ1850ው የፋብሪካ ሕግ የሴቶችና የወጣቶች ሥራ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ እንዲያበቃ አዘዘ። ያለእነርሱ ፈትሉም ሽመናውም ስለማይሄድ በየጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ወንዶቹም አብረው ወጡ። እንግሊዝ ውስጥ የቅዳሜ ጨዋታ ዛሬም 9 ሰዓት ላይ የሚጀመረው ከዚያ በወረደ ልማድ ነው! በ1883 እነዚያው ሸማኔዎችና የብረት ሠራተኞች በሰሜን እንግሊዙ ክለብ በብላክበርን ኦሎምፒክ ማልያ የባለጸጎቹን ትምህርት ቤት የኢተንን ምሩቃን 2 ለ 1 ረትተው የኤፍኤ ዋንጫን ወደ ሰሜን ወሰዱ። በ1888 የእንግሊዝን ሊግ የጀመሩት 12 ክለቦች በሙሉ ባቡር ያገናኛቸው የሰሜንና የመካከለኛው እንግሊዝ ከተሞች ናቸው፤ ከለንደን አንድም አልነበረም። «በአርሰናል ክለብ አርማ ላይ ያለው መድፍ ጦረኝነትን ማወደስ ነው» ለሚሉም፣ ክለቡን በ1886 የመሠረቱት የዉሊች የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው። ሌላው የለንደን ክለብ ዌስትሃም ደረቱ ላይ የሚያጣምራቸው ሁለት መዶሻዎችም በቴምስ ዳር የመርከብ ብረት ይመቱ የነበሩ ሰዎች መሣሪያ ናቸው።