የእርጥበት ንዑስ ኮሚቴ ዓመታዊ ዕቅድ

ሰኔ ሲገባ ጅማ ላይ ሁለት ነገር ይዘንባል፤ ዝናብና ዕቅድ። ዝናቡን ለምደነዋል። ባጃጁ ከመርካቶ እስከ ፈረንጅ አራዳ ጭቃውን እየረጨ ያልፋል፣ እኛም ሱሪያችንን ጠቅልለን መንገዳችንን እንቀጥላለን። ዕቅዱ ነው አልለመድ ያለን። ሐምሌ 1 የበጀት ዓመቱ ይጀምራላ! ከዚያ በፊት ከተማው ውስጥ ያለ ኮሚቴ ሁሉ "የዓመቱ ግቦች" የሚል ርዕስ ይጽፍና ከርዕሱ ጋር ይፋጠጣል።

የኔ ጉዳይ ከቡናው ኮሚቴ ጋር ነው። አቅራቢው፣ ላኪው፣ የገበሬው ማኅበርና የላብራቶሪ ባለሙያው አንድ ላይ ተቀምጠው "ጥሩ ቡና ስንል ምን ማለታችን ነው?" የሚለውን ተስማምተው በጽሑፍ እንዲያስቀምጡ የተቋቋመ የስታንዳርድ መድረክ አለን። ሐሳቡ ሸጋ ነው። በሥሩ የጥራት፣ የእርጥበት፣ የጆንያና ሚዛን፣ የሥልጠና ንዑስ ኮሚቴዎች አሉት። እነዚህን የሚያስተባብር ደግሞ አስተባባሪ ንዑስ ኮሚቴ አለ። ሪፖርቱን ሁሌ በጊዜው የሚያስገባው እሱ ብቻ ነው፤ ሌላ ሥራ የለውማ።

እኔ የእርጥበቱ፣ ማለትም ቡናው ውስጥ የቀረውን ውሃ የሚከታተለው ንዑስ ኮሚቴ፣ ጸሐፊ ነኝ። የእጅ ጽሑፉ ያምራል ተብዬ ነው የተመረጥኩት ይባላል። እውነቱን ለመናገር የምርጫው ቀን ቀርቼ ነበር።

ዕቅድ እንዴት እንደሚወጣ ልንገራችሁ። የአምናው ፋይል ይከፈታል። ዓመተ ምሕረቱ ይቀየራል። 60 በመቶ የነበረው 80 በመቶ ይሆናል። የምን 80 በመቶ? ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ የጠየቀ የአጣሪ ንዑስ ኮሚቴ አባል ይሆናል። ግቦቹም ያው ናቸው፦ ግንዛቤ መፍጠር፣ ቅንጅት ማጠናከር፣ ስብሰባ ማካሄድ። ስብሰባ ማካሄድ በተለይ ግሩም ግብ ነው። በወር አንድ ጊዜ ለመሰብሰብ ታቅዶ፣ መስማማት ስላልተቻለ በወር ሁለት ጊዜ ከተሰበሰብን አፈጻጸማችን 200 በመቶ ነው። ባልተስማማን ቁጥር እንሸለማለን።

የጆንያና ሚዛን ልጆች ደግሞ አያድርስ ነው። ገበሬው ጀንፈሉን፣ ከነገለባው የደረቀውን ቡና፣ በፈረሱላ ይሸጣል፤ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። አቅራቢው በኩንታል ያስባል። ላኪው በ60 ኪሎ ጆንያ ይቆጥራል። እነዚህን ሦስቱን የሚያስታርቅ አንድ ገጽ ሰንጠረዥ ቢሠራ፣ ካልኩሌተር ያለው ተማሪ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብሎ የሚጨርሰው ነው። እነሱ ግን ዕቅዳቸው ላይ "የልኬት ሥርዓቱን በተመለከተ የዳሰሳ ጥናት ለማካሄድ የሚያስችል ቢጋር ማዘጋጀት" ብለው ጻፉ። ቢጋሩን፣ ማለትም ጥናቱ ምን እንደሚያጠና የሚዘረዝረውን ወረቀት፣ ለማዘጋጀት ሌላ ስብሰባ ተያዘ፣ ከአበል ጋር።

ስታንዳርድ ማውጣት ከባድ ነው አላልኩም። ሌላም አገር ከባድ ነው። ዓለም አቀፉ የስታንዳርድ ድርጅት፣ አይኤስኦ፣ አንድ ሰነድ ከሐሳብ እስከ ኅትመት ለማድረስ ሦስት ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ግን ይጨርሳሉ! ሻይን የሚመለከት ስታንዳርድ እንኳን አላቸው፤ አይኤስኦ 3103 ይባላል፣ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ቀማሾች ሻይን ከሻይ እንዲያወዳድሩ፣ ለ100 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ 2 ግራም ቅጠል፣ 6 ደቂቃ። ይህንን ስብሰባ ላይ ሳነብላቸው ሐጂ፣ የአቅራቢዎቹ ተወካይ፣ "ስኳሩስ?" ብለው ጠየቁ። ስኳር የለውም። ቁም ነገሩ ግን 6 ደቂቃ መባሉ ነው። የኛ ኮሚቴ ቢጽፈው ኖሮ "ሻዩ ተገቢውን ጊዜ እንዲቆይ ከባለድርሻ አካላት ጋር በቅንጅት ይሠራል" ይል ነበር፣ ሻዩም እስካሁን ይፈላ ነበር።

ደግሞ እዚያ የወጣ ስታንዳርድ ቢዘገይ በአምስት ዓመቱ ይመረመራል። ይቀጥል፣ ይሻሻል ወይስ ይሰረዝ? እኔም ይህ ጥያቄ ለኮሚቴዎችም ይቅረብ አልኩ። እንደዚያ ቀን ዓይነት ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። ቡና የምታፈላው ልጅ ሳትቀር ቆመች።

ሩቅ ምን አስኬደኝ፣ መልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ቅርባችን አይደል? እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ገብቶ ዛፉን ሲያራግፍ፣ ተመራማሪዎቹ የነበራቸው ግብ አንድ ነበር፦ በሽታውን የሚቋቋም ዛፍ ማግኘት። ጫካ ገቡ፣ መረጡ፣ ሞከሩ። እነ 74110 እና 74112 የተባሉት የቡና ዝርያዎች የተገኙት እንዲህ ነው፤ 74ቱ የተመረጡበት ዓመት ነው። ግቡ ሲሳካ ማንም ያውቃል፣ ካልተሳካም ማንም ያውቃል፤ ዛፉ ወይ ያፈራል ወይ አያፈራም። እኛ እንዲህ ዓይነት ግብ የምንፈራው ለዚህ ነው።

ወደ እርጥበታችን ልመለስ። ዘንድሮ አንዲት የላብራቶሪ ልጅ አዲስ አባል ሆና መጣች። ዕቅዱ ተነቦ ሲያልቅ እጇን አወጣች።

"አንድ ግብ ብቻ ብንይዝስ? የሁላችንም የእርጥበት መለኪያ ለአንድ ቡና አንድ ዓይነት ቁጥር ያሳይ።"

ላኪው ሳል ያዘው። ሐጂ መቁጠሪያቸውን አወጡ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የዓለም አቀፉ ቡና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳለፈው ውሳኔ 420 ላይ ለውጭ ገበያ የሚቀርብ ቡና እርጥበቱ ከ8 በመቶ እንዳያንስ፣ ከ12.5 በመቶም እንዳይበልጥ ይላል። ከበዛ ይሻግታል፣ ካነሰ ጣዕሙ ይሄዳል። ይህንን ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል። ግን መቶ ኩንታል በጫነ መኪና ላይ አንድ በመቶ ማለት አንድ ኩንታል ውሃ ነው፣ የዚያን ውሃ ዋጋ ደግሞ ወይ ሻጭ ይከፍላል ወይ ገዢ። ሁለት የማይገናኙ መለኪያዎች እስካሉ ድረስ ሁለቱም ተስፋ አላቸው። እና ይህንን ተስፋ ነው ልጅቷ በዕቅድ ልትዘጋው የመጣችው።

"እንሞክረው" አለችና ከቦርሳዋ አንድ ኪሎ ቡና አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ምን ይባላል፣ ሁሉም መለኪያውን አመጣ። የአቅራቢው 10.8 አለ። የማኅበሩ 12.1። የላኪው 13.4። ቡናው ያው አንድ ቡና ነው። ሐጂ ደግሞ ማሽን ስለማያምኑ አንዷን ፍሬ በጥርሳቸው ነከስ አድርገው ትንሽ አሰቡና "ወላሂ፣ አሥራ ሁለት ነው" አሉ። ከመለኪያዎቹ ሁሉ ያመንኩት እሳቸውን ነው፤ ጥርስ ቢያንስ ከሁለቱም ወገን ኮሚሽን አይበላም።

ሰብሳቢያችን ተደሰቱ። "በጣም ጥሩ፣ ሐሳብ ተንሸራሽሯል። አንተ፣ አካታች እንዲሆን ከ10 እስከ 14 በመቶ ብለህ ያዘው።"

"ጋሼ፣ 14 ላይ እኮ ይሻግታል" አለች ልጅቷ።

"ትክክል ነሽ ልጄ፣ እሱም በዋዛ የሚታይ አይደለም።"

የሻጋታ ንዑስ ኮሚቴ በሙሉ ድምፅ ተቋቋመ። ሰብሳቢዋ እሷ ሆነች።