የወጣለት መኪና

ሰሞኑን አንድ የመኪና ሽያጭ ማስታወቂያ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ነበር። «ላንድ ክሩዘር ሃርድ ቶፕ፣ 1ኤችዜድ ሞተር፣ ጎማው አዲስ፣ ቴርሞስታት የወጣለት፣ ሙቀት የሚባል የማያውቅ።» ድሮ «የወጣለት» የሚባለው ሌባ ወይም ውሸታም ነበር። አሁን ማዕረጉ ለመኪናም ደረሰ። ሊብሬው በስም የዞረ፣ ቦሎው ያለቀ፣ ቴርሞስታቱ የወጣለት!

እንግዲህ ማመስገን ካልቀረ በወጉ ይሁን። ጃፓኖቹ በረዶ ላይ ሞክረው፣ በረሃ ላይ ሞክረው «ይህ ዕቃ እዚህ ይግባ» ብለው የወሰኑትን፣ እኛ ዘንድ አንድ ሰው ኮፈኑን ከፍቶ፣ ጥርሱን በስቴኪኒ እየጎረጎረ በአራት ቃል ይሽረዋል፦ «ይሄ ለእኛ አገር አያስፈልግም።» ይግባኝ የለውም። ለየትኛው አገር እንደሚያስፈልግ አይነገርም። ላንድ ክሩዘሩን ሲሠሩት ግን ለአውሮፓ አስፋልት ብቻ ብለው አልነበረም፤ 4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተር ያለ ቱርቦ፣ ያለ ኮምፒውተር የሠሩት ለእንደኛ ዓይነቱ መንገድ ነበር። እሱን ግን ለመካኒካችን የነገረው የለም።

ከወጡት ሁሉ አለቃው ቴርሞስታት ነው። የሞተሩን ውሃ ሙቀት የምትቆጣጠር፣ የሲኒ አፍ የምታክል፣ ስፕሪንግ ያላት፣ ሆዷ ውስጥ ሰም የያዘች ዕቃ ናት። ሰሙ ሲሞቅ ያብጥና በሩን ይገፋል፤ ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና ስፕሪንጉ ይዘጋዋል። ኤሌክትሪክ አትፈልግም፣ ቅባት አትፈልግም፣ ደመወዝ አትጠይቅም። ሰምና ወርቅ በሚታወቅበት አገር ሰሙ መጀመሪያ ይጣላል፤ ወርቁን ቆይቶ የሚከፍለው ባለቤቱ ነው።

የጥበቡ አካሄድ እንዲህ ነው። መኪናው ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ሲወጣ የሙቀት ቆጣሪው ወደ ቀይ ይጠጋል። ባለሙያው ጉዳዩን ሳያይ ይገባዋል፦ ውሃው መንገድ ተዘግቶበት ነው፤ ዘበኛውን እናንሳለት። ቡሎኖቹን ይፈታል፣ ዘበኛውን በካቻቢቴ ጎርጉሮ ያወጣል፣ ክዳኑን በሲልኮን ለጥፎ ይመልሳል። አሥራ አምስት ደቂቃም አይፈጅ። ያቺ ዘበኛ ግን የምትጠብቀው አንድ በር አልነበረም፤ ሁለት ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ወደ ራዲያተር የሚወስደውን ትልቁን በር ትዘጋና ውሃው በጓሮ በኩል እዚያው ሞተሩ ውስጥ እንዲዞር ትተወዋለች። 82 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ትልቁን በር መክፈት ትጀምራለች፤ በዚያው እንቅስቃሴ ከታች ያለችው ሳህን የጓሮውን በር ትደፍናለች። አሁን ዘበኛዋ የለችም። ሁለቱም በር ወለል ብሏል። ውሃ ደግሞ እንደ ሰው አቋራጭ ይወዳል፤ ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ በጓሮ ዞሮ እንደ ፈላ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ሜዳ ላይ በረደ፣ ዳገት ላይ ነደደ።

ደጋና ቆላ በአንድ ሞተር ውስጥ ማለት ይሄ ነው! ደብረ ብርሃን ላይ፣ 2,840 ሜትር ከፍታ፣ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት፣ ባለቤቱ ማሞቂያውን ይከፍታል፤ ማሞቂያው የጓዳ ንፋስ ይልክለታል። ጋቢውን ይደርባል። «ሞተሩ እኮ አይሞቅም» እያለ ለጎረቤቱ ይፎክራል። ጎረቤቱም ይቀናል። የማይሞቅ ናፍጣ ሞተር ደግሞ ሌላ በረከት አለው፦ ናፍጣው በወጉ ሳይነድ ይቀርና ከፊሉ በፋሻዎቹ አልፎ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ዘይት መለኪያው ሲሳብ ዘይቱ አልጎደለም። እንዲያውም ጨምሯል! ዘይት የሚወልድ ሞተር በየትኛው ካታሎግ ላይ አለ? ቀጠነ፣ ናፍጣ ናፍጣ ሸተተ የሚል ምቀኛ ነው። ሲሊንደሩ ተበላ፣ ጭሱ ነጣ፣ ናፍጣው እንደ ቡና ተጠጣ የሚልም እንዲሁ ምቀኛ ነው።

ነገሩ እኮ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። የሚያስቀው፣ ዘበኛዋ ብዙ ጊዜ ያለ ጥፋቷ የተባረረች መሆኗ ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ክዳን በሌለው ድስት ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሞተሩ ውስጥ ሳይፈላ የሚቆየው የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ስለሚይዝለት ነው። ክዳኑ ላይ 0.9 የሚል ቁጥር ተጽፏል፤ ጎማውና ስፕሪንጉ ደህና ከሆኑ የመፍያውን ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ይወስደዋል። ጎማው ደርቆ ከተሰነጠቀ፣ ወይም ክዳኑ ጠፍቶ «ልክ ገባ» የተባለ የሌላ መኪና ክዳን ከተደረገ፣ ወይም (ይህ የሊቃውንቱ ምርጫ ነው) በፌስታል ተጠቅልሎ ከተጠበቀ፣ ውሃው በ92 ይፈላል። ቴርሞስታቷ ሙሉ በሙሉ የምትከፈተው ወደ 95 ዲግሪ ገደማ ነው። በሩ ገና ገርበብ እንዳለ እንግዳው በጣሪያ በኩል ወጣ ማለት ነው። የሚቀጣው ማን ነው? በረኛዋ!

የሚመረምሩም አሉ፤ አይካድም። ቴርሞስታቷን በክር አንጠልጥለው ድስት ውስጥ ይነክሯታል፣ ከታች ምድጃ፣ ከላይ አምስት ሰው። ውሃው ይንተከተካል፤ ዕቃዋ ትከፈታለች ግን ሙሉ በሙሉ አትከፈትም። «አያችሁ? ሞታለች!» ከ92 በላይ የማይሞቅ ውሃ ውስጥ በ95 ሙሉ በሙሉ የምትከፈተውን አስቀምጦ ሞተች ማለት፣ ደርግ ጊዜ ያልተወለደን ሰው «አልዘመተም» ብሎ እንደ መክሰስ ነው። ቴርሞሜትር ይዞ፣ ላይዋ ላይ በተቀረጸው ቁጥር አካባቢ መከፈት ከጀመረች ደህና ናት ብሎ መመለስ ይቻል ነበር። ቴርሞሜትር ግን ለእኛ አገር አያስፈልግም።

አንዳንድ ጊዜያቸውን የማያከብሩ ሰዎች ደግሞ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው ሞተሩን ያስነሳሉ። ውሃው ውስጥ ሳያቋርጥ አረፋ የሚንቦለቦል ከሆነ፣ ወይም ክዳኑ ተዘግቶ ሞተሩ በተነሳ በደቂቃ ሁለት ደቂቃ ውስጥ የራዲያተሩ የላይኛው የጎማ ቱቦ እንደ ድንጋይ ከጠጠረ፣ የቴስታው ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በገላው መካከል ያለው ማሸጊያ) የማቃጠያ ጋዝ እያሳለፈ ነው ይላሉ። ከዚያ የራዲያተሩን ክንፎች ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ በቀስታ ውሃ ያጥባሉ፤ ከፊቱ ካለው የኤሲ ራዲያተር ጋር መሃል ለመሃል የተጋገረው የጭቃና የፌንጣ ቂጣ ይወጣል። ሞተሩ ሞቆ ሲጠፋ ፋኑን በእጅ ያዞራሉ፤ እየያዘ ካልዞረ፣ እንደ ልጅ መጫወቻ ከተሽከረከረ፣ የፋኑ ክላች (ፋኑን እንደ ሙቀቱ የሚይዝና የሚለቀው) ውስጥ ያለው የሲልኮን ዘይት አልቋል ማለት ነው። በመጨረሻ አዲስ ቴርሞስታት ከአዲስ የጎማ ቀለበቷ ጋር ያስገባሉ፣ ትንሿ የአየር መውጫ ወደ ላይ እንድትሆን አድርገው። ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል ለእኩል ይሞላሉ፣ መኪናውን አፍንጫው ወደ ዳገት እንዲሆን አቁመው፣ ማሞቂያውን ከፍተው አየሩን ያስወጣሉ። ግማሽ ቀን! በግማሽ ቀን የእኛ ባለሙያ ስድስት መኪና ያወጣል።

ቴርሞስታት ከወጣ በኋላ የቀረው በቀላሉ ይከተላል። አስቸጋሪው የፋን ክላች ተበይዶ ይገላገሉታል። ፋኑ ሌት ተቀን እንደ አውሮፕላን ያጓራል፤ ባለቤቱ ጉልበት ጨመረ ይላል፤ ወንዝ ሲሻገር ውሃው የፋኑን ክንፍ ወደ ፊት አጥፎ ራዲያተሩን ሲልጠው ግን ጥፋቱ የወንዙ ነው። የፊት ካርዳን (ጉልበቱን ወደ ፊት ጎማዎች የሚያደርሰው ዘንግ) «ናፍጣ ይበላል» ተብሎ ይወልቃል። የፊት ጎማዎቹን ከጉልበቱ የሚለየው፣ በእጅ የሚዞረው ፍሪ ዊል «ፍሪ» ላይ ካለ ካርዳኑ ድሮም አይዞርም ነበር፤ ቢሆንም የማይዞር ነገር አውጥቶ ናፍጣ መቆጠብ ራሱን የቻለ ምሥጢር ነው። ባለ አራት ጎማ ጉልበት መኪና ሐምሌ ላይ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ በሁለት በሬ ሲጎተት ያየ ሰው ይመሰክራል፤ ያውም በሬዎቹ ባለ ስምንት እግር ናቸው።

ዳሽ ቦርዱ ላይ 100,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ «ቲ-ቤልት» የሚል መብራት ይበራል። የታይሚንግ ችንጋው ይቀየር ማለት ነው፤ ከነመወጠሪያው። ይህንን ባለሙያው የሚያስተካክለው አምፖሏን በመንቀል ነው። ችንጋው ሲበጠስ ፒስተኑ ቫልቮቹን አግኝቶ ሰላም ይላቸዋል፣ ያኔ ቴስታው ይነሳል፣ ያኔ ቶርኖ ቤት ነው። ለነገሩ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከታገደ ወዲህ ያለውን አሮጌ አጥብቆ መያዝ ነው እየተባለ ነው። አጥብቀን ይዘናል። የተረፈውን።

ባለቤቱም ምስኪን አይደለም። ለራዲያተር ክዳን ብር አጥቶ፣ ለጣሪያ መብራት፣ ለፖርቶ መጋላ፣ ለስኖርክልና ከፓራውልቱ በላይ ለሚቆም የብረት አጥር ግን አለው። ስኖርክሉ፣ ከጣሪያ ከፍታ አየር የሚስበው ቱቦ፣ ከአየር ፊልትሮው ቤት ጋር የሚገናኝበት ጎማ ክፍት ነው፤ አቧራው በጣሪያ በኩል መጥቶ ከሚገባ ይልቅ በአቋራጭ ይገባል። እዚህ ቤት ሁሉም ነገር አቋራጭ ይወዳል።

ፍሬን ግን የምር ነው። የኋላ ጎማ የፍሬን ሲሊንደር ሲያፈስ ጎሚኒው (ውስጡ ያለው የጎማ ማሸጊያ) ይቀየራል፤ ከናፍጣ አንድ ሙሊት የሚረክስ ሥራ ነው። ያንን ትቶ የፍሬን ቧንቧውን ቆርጦ፣ በፒንሳ አጥፎ፣ በመዶሻ ቀጥቅጦ ደፍኖ «ለጊዜው ይሂዱበት» ብሎ ቁልፍ የሚመልስ ሰው አለ። «ለጊዜው» ሁለት ዓመት ይሆናል። በላዩ ላይ ደግሞ ባሌስትራ ይደረባል፣ መኪናው ወደ ላይ ይነሳል። ከኋላ አክስሉ ወደ ሻሲው የተዘረጋች አንዲት ዘንግ አለች፤ ጭነት ሲከብድ የኋላ ፍሬኑን ግፊት የምትጨምር። መኪናው ከተነሳ በኋላ እሷን ያስተካከላት የለም፤ ስለዚህ አሥራ አምስት ሰው ተጭኖም «ባዶ ነው» እያለች ለኋላ ጎማዎች ግፊት ትቀንሳለች። ይህ መኪና ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ፣ ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት፣ በሦስት ጎማ ፍሬን ይወርዳል። ውስጡ ያሉት ሰዎች የተደፈነውን ቧንቧ አያውቁትም። የደፈነው ያውቃል። ባለቤቱም ያውቃል። ይሄ ብልሃት አይደለም፣ ድህነትም አይደለም። ሰው መግደል ነው።

ወደ ምስጋናችን እንመለስ። የወጣው ዕቃ የት ይደርሳል? አይጣልም። ጋራዡ ጥግ ካለው የዘይት ጣሳ ውስጥ ይጠራቀማል፣ በቤንዚን ይታጠባል፣ በጨርቅ ይወለወላል፣ ከዚያ የመኪና ዕቃ በሚሸጥበት ሶማሌ ተራ መደርደሪያ ላይ ቦታውን ይይዛል። መኪናው የሞቀበት አንድ ጨዋ ሰው ይመጣል። አዲሱ ፎርጅድ ነው ብለውታል፣ ስለዚህ ኦርጅናል ይፈልጋል። ሻጩ ቴርሞስታቷን ወደ ብርሃን አንስቶ ያሳየዋል። የጃፓን ፊደል አለባት። ሰውየው ይከፍላል፣ ያስገባል፣ ክዳኑ እንደ ተሰነጠቀ ወደ ደጀን ይወጣል፣ ያፈላል፣ ጋራዥ ይገባል። ወጣቱ መካኒክ ኮፈኑን ይከፍትና በአክብሮት ይጠይቃል፦ «ጋሼ፣ ላውጣልዎት? ይሄ እኮ ለእኛ አገር አያስፈልግም።»

በሳምንቱ መደርደሪያው ላይ ናት።

«የወጣ ነው፣ ኦርጅናል» ይላል ሻጩ ለሚቀጥለው ሰው። «ብዙም አልሠራ።»

እውነቱን ነው።