ናይለን የተወጠረበት በገና፣ በገና ነው?

በገና ተመልሷል። ወጣቱ በሰንበት ትምህርት ቤትና በማሠልጠኛ ይማረዋል። ዐቢይ ጾም ሲገባ የምንሰማው ያ ከባድና ነዛሪ ድምፅ አሁን ከስልክም ይወጣል። ደስ ያላቸው አሉ፤ የሰጉም አሉ። ከሁለቱም ወገን አንዳንድ ሰው ጋበዝን። እሷ በገና ታስተምራለች፤ እሳቸው በገና ይሠራሉ። ጥያቄያችን ይህ ነው፦ በገና እንዲስፋፋ ሲባል የናይለን አውታር፣ የአጭር ጊዜ ሥልጠናና የመድረክ ድምፅ ማጉያ ይግቡበት?

አስተማሪዋ፦

ይግቡበት። በገና እኮ ሊጠፋ ጥቂት ነበር የቀረው። ታዋቂው በገና ደርዳሪ ዓለሙ አጋ በ12 ዓመታቸው እንጦጦ ላይ ከመምህር ተሰማ ወልደ አማኑኤል ተማሩ። አድገው በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ለ7 ዓመት ያህል አስተማሩ። ከዚያ በደርግ ዘመን ትምህርቱ ቆመ። ባለ አሥር አውታሩ መሣሪያ በጥቂት አባቶች ጣት ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። እነሱ ቢያልፉ ኖሮ ዛሬ በገናን ሙዚየም ሄደን ነበር የምናየው።

ከተማሪዎቼ አንዷ ቀን ቢሮ ውላ ማታ ትመጣለች። ጅማት፣ ማለትም ከበግ አንጀት የተፈተለው አውታር፣ ሲበጠስባት የሚተካላት ሰው አታገኝም። ናይለን ግን ከሱቅ ገዝታ ራሷ ትወጥራለች። መጀመሪያ የመጣች ቀን ጣቷ ይንቀጠቀጥ ነበር። አሁን አይኗን ጨፍና ስትደረድር ክፍሉ በሙሉ ጸጥ ይላል። ይህችን ልጅ "ጅማት እስክታገኚ ቤትሽ ቆይ" ልበላት?

በገና ሠሪው፦

ልጄ፣ ተማሪዎችሽን እግዜር ይባርካቸው። እኔ የምፈራው መማራቸውን ሳይሆን የሚማሩትን ነገር ነው።

ጅማቱን የማወጣው ከበግ አንጀት ነው። አጥባለሁ፣ እፍቃለሁ፣ እፈትላለሁ፣ ወጥሬ አደርቃለሁ። አውታሮቹ ብርኩማው ላይ፣ ማለትም ከታች ደግፎ ከፍ በሚያደርጋቸው ላይ፣ ካረፉ በኋላ በእያንዳንዱ ሥር ትንሽ የቆዳ ቁራጭ እከታለሁ። እንዚራ ነው የምንላት። ጥፍር ታህላለች። ትንሽ ወደ ላይ ስትገፊያት ድምፁ ይታፈናል። ትንሽ ወደ ታች ስትስቢያት ይደርቃል። መሐል ላይ አንዲት ቦታ አለች። እዚያች ስትደርስ አውታሩ እንደ ንብ ይነዝራል፤ ያንን ደረትሽ ላይ ትሰሚዋለሽ። ያችን ቦታ ለማግኘት ለአንዱ አውታር ብቻ ግማሽ ቀን የፈጀብኝ ጊዜ አለ። ናይለን ልሙጥ ነው፤ ይለጠጣልም። ዛሬ ያገኘሽው ነዛሪ ድምፅ ነገ የለም። ያንን የማያውቅ ልጅ ድምፁ ሲጠፋ መጥፋቱን እንኳ አይለይም። እኔን የሚያመኝ ይኼ ነው።

ደግሞ "ከአሥሩ የሚደረደሩት አምስት ወይ ስድስት ናቸው፤ የቀሩት ለምን ያስፈልጋሉ?" የሚሉኝ ገዢዎች መጥተዋል። የቀሩት ጣት የሚያርፍባቸው ናቸው። አባቶች ደግሞ አሥሩን ከአሥርቱ ትእዛዛት ጋር ያገናኙታል። በአጭር ሥልጠና መጀመሪያ የሚቀረው ይህ ነው። የክራርንም ነገር አትርሺ። ኤሌክትሪክ ገባበት፣ መጠጥ ቤት ገባ። በገና ግን ለብቻ ተቀምጠው ፈጣሪን የሚያናግሩበት ነው።

አስተማሪዋ፦

ጋሼ፣ ስለ እንዚራ ያሉትን ሳነብ አፈርኩ። እውነቴን ነው። ብዙዎቻችን እንዚራ ማስተካከል አናስተምርም፣ ምክንያቱም እኛም በደንብ አልተማርነውም።

ግን ክራር በመስፋፋቱ አልሞተም፤ ዛሬም ሠሪ አለው፣ ተጫዋች አለው። በገናም ቢሆን ለቅዳሴ የሚውል የቤተ መቅደስ መሣሪያ ሆኖ አያውቅም። ሰው በቤቱ የሚጸልይበት ነው። ድሮ ደግሞ ያ ቤት በአብዛኛው የመኳንንት ቤት ነበር። እቴጌ ጣይቱ በገና ይደረድሩ እንደነበር ይነገራል። ታዲያ ዛሬ የሾፌሩና የጸሐፊዋ ቤት ቢገባ ምን ከፋ? በድምፅ ማጉያው ግን ከእርስዎ ጋር ነኝ። አንድ ጊዜ አዳራሽ ውስጥ በማጉያ ሰማሁት። ነዛሪው ድምፅ ጩኸት ሆኖ ነው የመጣው፤ ሰዉም ማውራቱን አላቆመም። እሱ ይቅር።

ናይለኑን ግን አልለቅም። ጅማት የሚፈትል ሰው በየሰፈሩ እስኪገኝ ድረስ አልለቅም። እርስዎስ ስንት ልጅ አስተምረዋል?

በገና ሠሪው፦

አንድም። ልክ ነሽ። ልጆቼ ሌላ ሙያ ያዙ፤ እኔም የሚጠይቀኝ አጥቼ ዝም አልኩ። ይኼ የኔ ጥፋት ነው።

ናይለን በገና አይሆንም ያልኩትን አሁንም እላለሁ። ያችን ማታ የምትመጣውን ልጅ ግን ላኪልኝ። በገናዋንም ይዛ ትምጣ። መጀመሪያ አንዱን ናይለን ፈትተን ጅማት እንወጥርበታለን፤ ዘጠኙ እንዳለ ይቆይ። እንዚራዋን በራሷ እጅ ትግፋት። ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን ትምታቸውና የትኛው እንደሚሻላት እሷው ትንገረን።